ሥርዓተ ልመት በቅርጫ

ሰው ስለ ሆዱ ሲያወራ ይኖራል እንጂ ሆዱን አያውቀውም። ሲያዝን “ሆዴ ባባ” ይላል፤ ሲራራ “አንጀቴን በላው” ይላል፤ መናገር ያልፈለገው ነገር ሲገጥመው “ሆድ ይፍጀው” ብሎ ያልፋል። በዚህ አቆጣጠር የአገራችን ሰው ሆድ ውስጥ ኀዘንም ርኅራኄም ምሥጢርም ቂምም አብረው ይኖራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር እየተጋፋ የበላው እንጀራ የት ጋ እንደሚያርፍ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልገጠመኝም። እኔም ብሆን የጠየቅሁት ዕውቀት ጠምቶኝ አይደለም። የጠየቅሁት ለማስተማር ስለ ተቀጠርሁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ፊደል የቆጠርሁት ሰው የልጅ ልጅ በሚያቅፍበት ዕድሜ ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ልጅ በሚድርበት ዕድሜ ነው ብል ግን ልክ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከንፋስ መውጫ ሴቶች ጋር ተሰልፌ ሀ ሁ አልሁ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝና መደበኛ ትምህርት ቤት ገብቼ ከሕፃናት ጋር ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር ስለማይገባ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምማረው፤ እስከ ዛሬም ቁም ነገር የሚነግረኝን ሰው በጎን ማየት ይቀናኛል። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ በእስቴና በስማዳ መካከል ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር፣ ማንበብ የቻሉ ጎልማሶችን ቀጣዩን ትምህርት እንዳስተምር በሙከራ ተቀጠርሁ።

“በሙከራ” የምትለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከአውራጃ ተቆጣጣሪ መጥቶ አንድ ትምህርት ሳስተምር ያያል። ከወደደው ቅጥሬ ይጸድቃል። ካልወደደው ንፋስ መውጫ፣ ወንድሜ ቤት እመለሳለሁ። የወንድሜ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። ሚስቱ ግን መጽሐፍ ስገልጥ ባየች ቁጥር የሚለቀም ምስር ታገኝልኛለች። ምስሩ አያልቅም። የለቀምሁትን ድንጋይ እየጨመረች ትመልስልኝ ይሆን ብዬ እስከ መጠርጠር ደርሻለሁ። እዚህ ግን አንዲት ጎጆ፣ አንድ ኩራዝና ምስር የማያገኝልኝ ጎረቤት ነበረኝ። ይህን ላለማጣት የማላደርገው ነገር አልነበረም፤ ያደረግሁትንም አሁን እነግራችኋለሁ።

ተማሪዎቼ ስለ ማዳበሪያ አንብበዋል፤ ስለ ምንጭ ውሃ ንጽሕና አንብበዋል፤ ቀጥሎ የመጣው ስለ ሥርዓተ ልመት፣ ማለት ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚናገረው ምዕራፍ ነበር። ሥዕል አልነበረውም። ሰሌዳችን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀባ ጣውላ ነው፤ እኔም በላዩ ላይ ሰው ሣልሁ። አፉን፣ ጉሮሮውን፣ ጨጓራውን፣ ጉበቱን፣ ተጠምጥሞ የሚወርደውን ትንሹን አንጀት፣ ዙሪያውን የሚከበውን ትልቁን አንጀት፣ ሁሉንም በየቦታው አደረግሁ። የመጨረሻውን መጨረሻ ለጨዋነት ስል በነጠብጣብ አመለከትሁ።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እመት ጥሩነሽ ነበሩ፤ ከመማር ይልቅ የሚማሩትን ለመታዘብ የሚመጡ ባልቴት ናቸው። አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ አዘንብለው ሲያበቁ፣ “ይህ ሰውዬ ምን ቸግሮት ነው ጅራፍ የዋጠው?” አሉ።

ጅራፍ ሳይሆን አንጀት መሆኑን፣ ቢዘረጋ ከባለቤቱ ቁመት ብዙ እጥፍ እንደሚረዝም አስረዳሁ። አያ ታፈረ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎረቤታቸውን ከራሱ እስከ እግሩ በዓይናቸው ለኩት። በሰው ሆድ ውስጥ ይህን ያህል ገመድ ካለ መጫኛ ለመግዛት ገበያ ድረስ መውጣት ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ። ሲሳቅብኝ ድምፄ ይጠፋል፤ ሳይሳቅብኝም ቢሆን ከፊተኛው ተርታ አያልፍም። ያን ዕለት ትምህርቱ ከጨጓራ ሳይወርድ ቀረ።

በማግሥቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር አለባቸው መጣ። ጓድ መባል የሚወድ፣ ነገር ግን እናቱ ፊት ጓድ ሲሉት የሚያፍር ወጣት ነው። ተቆጣጣሪው በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ፣ ከአካባቢ በሚገኝ ነገር የተሠራ መርጃ መሣሪያ እጅግ እንደሚወዱ፣ በሌላ ማኅበር አንድ መምህር ቅል ቀብቶ የዓለምን ቅርጽ ስላሳየ እንደ ተመሰገነ ነገረኝ። የሰሌዳው ሰውዬ እንደማያዋጣ ሁለታችንም ተስማማን። እሑዱ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነው። ቅበላ ከሆነ ቅርጫ አለ፤ ቅርጫ ካለ በሬ አለ፤ በሬ ካለ የሆድ ዕቃ አለ። የአለባቸው ሐሳብ ይኸው ነበር።

ልክ አለመሆኑን ነገርሁት። በሬ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ የሰው ግን አንድ ነው።

“እንግዲያው ሦስቱን እንደብቃለን” አለ።

ሳይንስ እንዲህ እንደማይሆን ላስረዳው ነበር። ምስሩ ትዝ አለኝና ተውሁት።

ቅርጫ የሚባለው ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ተባብሮ አንድ በሬ ይገዛል፤ ያርዳል፤ ሥጋውን በመደብ በመደብ ያስቀምጣል፤ በዕጣ ይካፈላል። ከባዱ ነገር እያንዳንዱ መደብ ከእያንዳንዱ ብልት ሊኖረው የሚገባ መሆኑ ነው። ጨጓራው ለአንዱ፣ ጉበቱ ለሌላው ቢሰጥ ያ መንደር ከዚያ ወዲያ በደቦ አያጭድም። ስለዚህ ጨጓራውም ለሁሉ ይቆረጣል፤ ሽንፍላውም ቅጠል በቅጠል ይገነጠላል፤ አንጀቱም በጣት እየተለካ ይከፈላል። እኩልነት የሚባለውን ነገር በዚያ ዘመን በየስብሰባው ብዙ ሰምቻለሁ፤ በእጅ ሲሠራ ያየሁት ግን በአያ ታፈረ ቢላዋ ነው። መዳቢው እርሳቸው ነበሩና።

እሑድ ጠዋት፣ በሬው ገና ሳይገፈፍ፣ ወደ አያ ታፈረ ቀርቤ የሆድ ዕቃው ሳይቆረጥ እስከ ማታ እንዲቆይልኝ ለመንሁ። ቢላዋቸውን በሣር እየጠረጉ አደመጡኝ።

“መምህርት፣” አሉ፣ “ጨጓራ የሌለበትን መደብ ይዞ ከሚስቱ ፊት የሚቆም ወንድ ፈልገሽ አምጪልኝ። ያን ጊዜ ሳልቆርጥ አቆይልሻለሁ።”

ፈለግሁ። አልተገኘም።

በብዙ ሽምግልና የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው። የሆድ ዕቃው እንደ ወጉ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ወስዶ ያጥባል፤ ነገር ግን ሳይሠራው ጥሬውን ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ይዞት ይመጣል፤ እዚያ እኔ እገጣጥመዋለሁ፤ ተቆጣጣሪው ካዩት በኋላ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። ሐሞቱን ብቻ የሚፈልገው ስላልነበረ ሳይነካ ሰጡኝ። በክር አሥሬ ከማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ ሰቀልሁት።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ የመጣውን ዓይነት ሰልፍ፣ ያ ዘመን ምንም እንኳ የሰልፍ ዘመን ቢሆን፣ አንድም ሰው አይቶ አያውቅም። አንዱ በገበቴ፣ አንዱ በሰፌድ፣ አንዱ በቅጠል ጠቅልሎ የበሬ ሆድ ይዟል። ድርሻ ከድርሻ እንዳይለዋወጥ ሁሉም ምልክት አድርጓል፤ አንዱ እሾህ ሰክቷል፣ አንዱ ሣር ቋጥሯል፣ እመት ጥሩነሽ ከነጠላቸው ጥለት ክር መዝዘው አሥረውበታል። ከአዳራሹ ደጅ የበሬውን የራሱን ቆዳ አንጥፌ በላዩ ላይ መግጠም ጀመርሁ። ሦስቱን ትርፍ ሆዶች እንደ አለባቸው ምክር አልደበቅሁም፤ ይህን ለህሊናዬ ስል እናገራለሁ። ይልቅስ ለብቻቸው አድርጌ፣ እነዚህ የበሬ ብቻ መሆናቸውን፣ ሰው አንድ ሆድ ብቻ እንዳለው ለተሰበሰበው ገለጽሁ። አያ ታፈረ አዘኑ። በሬ አራት የተሰጠው ማረስ ስላለበት ይሆናል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

መግጠሙ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ክብር ነው። ከአብዮቱ በፊት ጭቃ ሹም የነበሩ አቶ ደምሌ የሚባሉ ሰው፣ የእርሳቸው ቁራጭ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ በሰሌዳው ላይ በነጠብጣብ ካለፍሁት ሥፍራ አጠገብ መዋሉን አዩ። ጎንበስ ብለው አነሡና ከጉሮሮው አጠገብ አስቀመጡት። እኔ ወደ ቦታው መለስሁት። እርሳቸው ወደ ጉሮሮው። እኔ ወደ ቦታው። በሠርግም በተዝካርም ከበላይ የሚቀመጡ ሰው መሆናቸውን አንዱ በጆሮዬ ነገረኝ። አለባቸው ከአብዮቱ ወዲህ የበላይና የበታች የሚባል ነገር መቅረቱን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ አስታወቀ። አቶ ደምሌም እንዲህ ከሆነ የሊቀመንበሩ ቁራጭ እዚያ ይዋል አሉ። አለባቸው ስለ ዘር ስንዴ ማውራት ጀመረ።

ክርክሩን የፈታው ጭላት ነው። ሰው ሁሉ አቶ ደምሌን ሲያይ ከሰማይ ወርዶ የተጣላንበትን ቁራጭ ይዞ ሄደ። እኔም ቅርጫው ውስጥ ገብቼ ነበርና፣ ለዕርቅ ያህል ከትልቁ አንጀት የደረሰኝን ሰጠኋቸው። አመስግነው ተቀበሉና ከጉሮሮው ሥር አደረጉት። ስለዚህ ያ በሬ ከአፉ ቀጥሎ ትልቁ አንጀት ነበረው። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ሰው ለአንድ አንጀት ስንት ጊዜ ይዋጋል?

ጠበቅን። ተቆጣጣሪው አልመጡም። ዝንቡ ግን በሰዓቱ መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ውሾች ተሰልፈው ተቀመጡ፤ ጊዜው እንዳይባክን ትምህርቱን አንድ ጊዜ ስለማመድ ከሁሉም በትኩረት ያዳመጡኝ እነርሱ ናቸው። በመጨረሻ እመት ጥሩነሽ ተነሡና ክራቸው ያለበትን ፈልገው አነሡ።

“መምህርት፣ ለተቆጣጣሪው ነገም ቀን ነው” አሉ። “ለዚህ ግን ከዛሬ ወዲያ ቀኑ ፋሲካ ነው።”

እውነት ነው፤ ነግቶ ሰኞ ሲሆን ጾሙ ይገባል። ሁሉም ምልክቱን እየፈለገ ድርሻውን አነሣ፤ ሥርዓተ ልመቱ በየአቅጣጫው ወደየቤቱ ሄደ። ሲመሽ ከየጎጆው የዱለት ሽታ ወጣ። እኔም እመት ጥሩነሽ ቤት ተጠርቼ በላሁ። ለትክክለኛነት ስል እጨምራለሁ፤ ደግሜም በላሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ እንደ ደወል የተሰቀለው ያረጀ ማረሻ ተደበደበ። ተቆጣጣሪው መጥተዋል። በቅሏቸው መንገድ ላይ አንክሳባቸው መካነ ኢየሱስ አድረዋል። የካኪ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ረጅም፣ ከንፈራቸው የደረቀ ሰው ናቸው። የአለባቸው ሚስት ቁርስ ላቅርብ ብትላቸው መንገዱ ሆዳቸውን እንደ ነካካው ነግረዋት ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ይህን ስሰማ ነገሩን እንደ ሕመም ቆጠርሁት። የምግብ ነገር የምታስተምር ሴት እንዴት ሌላ ነገር ታስብ?

ተማሪዎቼ የቅበላ ማግሥት ፊት ይዘው ተሰበሰቡ። የቅበላ ማግሥት ፊት ማለት ሆዱ በትናንቱ የከበደ፣ አፉ በዛሬው የተዘጋ ሰው ፊት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመስ ነገር የለም። ተቆጣጣሪው ከፊታቸው ቆመው ስለ ሳይንስና ስለ ምርት ንግግር አደረጉ። ሰው ሞተር ነው፣ ምግብ ነዳጁ ነው፣ ሞተር ደግሞ አይጾምም አሉ፤ እርሳቸው ለራሳቸው ይህን ልማድ ከተዉት መቆየታቸውን ጨመሩ። አለባቸው አጨበጨበ። ሌላውም አጨበጨበ፤ የጾመ ሰው ስለሆነ ግን ጉልበቱን እየቆጠበ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ተጨባጭ መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀቴን ሰምተው በጣም ደስ እንዳላቸው ነገሩኝና የት እንዳለ ጠየቁ። እኔ አለባቸውን አየሁት። አለባቸው መሬት መሬቱን አየ።

“ጓድ፣ መርጃ መሣሪያው ተበልቷል” አለ።

“ማን በላው?”

“ተማሪዎቹ።”

ተቆጣጣሪው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ተማሪዎቹም መልሰው ተመለከቷቸው። የቀረ ነገር እንዳለ ሲጠይቁ ከበሩ ላይ ሐሞቱን አውርጄ በክሩ እንዳንጠለጠልሁ አሳየኋቸው። ለጥቂት ጊዜ አዩት። ሰው በሬ አርዶ ሐሞቱን ብቻ ይዞ ሲቀርብ ምን እንደሚባል ያሰቡ መሰሉ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰሌዳው ላይ ልሥል ስል እመት ጥሩነሽ ጅራፉን እንዳያስታውሱ ፈራሁ። ዞር ብዬ ተማሪዎቼን ሳይ ግን አንድ ነገር ታየኝ። መርጃ መሣሪያው አልጠፋም፤ ሁሉም ይዘውት መጥተዋል። የያዙት ውስጣቸው ነው እንጂ።

“አያ ታፈረ፣ ትናንት የበሉት ጨጓራ አሁን የት ደርሷል?” አልሁ።

አያ ታፈረ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው አሰቡ። ጨጓራው ጨጓራቸው ውስጥ ነው የሚል መልስ ሰጡ፤ በነገሩ ራሳቸውም ተገረሙ። ከዚያ ትምህርቱ በራሱ እግር ሄደ። ጥርስ እንደ ወፍጮ ማድቀቁን፣ ጉሮሮ ምግቡን ዝም ብሎ የሚጥል ጉድጓድ ሳይሆን እየጨመቀ የሚያወርድ ጡንቻ መሆኑን፣ ጨጓራ ኮምጣጣ ፈሳሽ እየረጨ እንደ ቅል ወተት እየናጠ ሥጋውን እንደ ሙቅ እንደሚያደርገው ተናገርሁ። ሐሞቱን ከፍ አደረግሁ። ይህ መራራ ነገር ከጉበት ሥር ሆኖ፣ ሳሙና ቅባትን እንደሚበትነው ስቡን እንደሚበትን ነገርኋቸው። ትናንት የጣሉት ነገር ሌሊቱን ሲሠራላቸው ማደሩን ሲሰሙ ሐሞቱን በሌላ ዓይን አዩት። የትንሹ አንጀት ውስጡ እንደ ባና ጠጉራም ነው፤ የደቀቀውን ምግብ ወደ ደም የሚመጥጠውም ያ ጠጉር ነው። ትልቁ አንጀት የተረፈውን ተቀብሎ ውሃውን መጥጦ ያስቀራል። ይህን ስል አቶ ደምሌን አላየኋቸውም።

አያ ታፈረ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ደሙ የመጠጠውን ለእግርም ለእጅም ለዓይንም ሲያድል መዳቢው ማን እንደ ሆነ፣ ዕጣም ይጣል እንደ ሆነ ጠየቁ። ዕጣ እንደሌለ፣ ብዙ የሠራው ብልት ብዙ እንደሚወስድ መለስሁ። ተቆጣጣሪው ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ቀና አሉ፤ ከስብሰባ የሚያውቁት ነገር የሰሙ መሰለኝ። አያ ታፈረ ግን ይህ ዓይነት አከፋፈል በቅርጫ ቢሆን ደም ያፋስሳል አሉ።

ጨረስሁ። ተቆጣጣሪው ወደ ሰሌዳው መጡ። ገለጻው ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን ሁሉም በቃል መሆኑን ተናገሩ።

“በዓይን የታየ፣ በተግባር የተፈተነ ነገር የለም” አሉ። “ያለ ተግባር ቅጥርሽን ማጽደቅ ይቸግረኛል፣ መምህርት።”

የምስር ቁና ዓይኔ ላይ መጣ። ከነድንጋዩ።

በዚያች ቅጽበት ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያነበብሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገብስ ሳይዋጥ ብዙ ጊዜ ከታኘከ ይጣፍጣል፤ ምራቅ የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጠዋልና። ልመት የሚጀምረው ከጨጓራ ሳይሆን ከአፍ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ የለም። በነጠላዬ ጫፍ ለዘጠኝ ሰዓት ብዬ የቋጠርሁት የገብስ ቆሎ ነበረ። የጎደለኝ አኛኪ ብቻ ነው።

ክፍሉን ቃኘሁ። ሁሉም ጾመኛ ነው። አለባቸውን አየሁት፤ ድንገት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ያደረገው ደግሞ ክር የሌለው የጎማ ጫማ ነው። እኔ ነገር ከጽሑፍ እንጂ ከሰው ፊት አላነብም። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ መብላት ግልጽ አቋም ወዳላቸው ብቸኛ ሰው ሄጄ ቆሎውን መዳፋቸው ላይ አፈሰስሁት።

“ከዚህ ሁሉ ሰው የማይጾሙት እርስዎ ብቻ ነዎት” አልሁ። “ያኝኩልን። እስክነግርዎ ድረስ ግን እንዳይውጡት።”

ተቆጣጣሪው ቆሎውን አዩት። አለባቸውን አዩት። አለባቸው አሁን ሁለተኛውን ጫማ እያሰረ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፍ አለ፤ የሆዳቸው ሕመም የተመለሰባቸው መስሎኝ አዘንሁላቸው። በመጨረሻ ቆሎውን ወደ አፋቸው አደረጉና ማኘክ ጀመሩ።

በጾም ቀን፣ ሰው በተሞላ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሎ ሲቆረጥም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ከጣሪያው ይመለሳል። ሁሉም መንጋጋቸውን ይከተላል፤ መንጋጋው ወደ ቀኝ ሲሄድ የሰው ዓይን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ። ቆሎው ደቀቀ። ዱቄት ሆነ። ሊጥ ሆነ። እርሳቸው ግን አኘኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ታዛዥ ተማሪ አልገጠመኝም፤ አይዋጡ አልሁ፣ አልዋጡም። ጉንጫቸው አበጠ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“አሁን ምን ምን ይላል?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ጣፈጠ” አሉ። አፋቸው ሙሉ ስለነበር ሌላ ቃል የሚያስገባ ቦታ አልነበረውም።

ክፍሉ አጉረመረመ። አቶ ደምሌ ስኳር አለመጨመሬን ለማረጋገጥ ነጠላዬን አገላብጠው አዩ። አያ ታፈረ ሰውዬው በእውነት ጣፈጠኝ ብለው እንደ ሆነ አስደገሙኝ፤ ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ። ሙከራው ሠምሯል፤ እዚህ ላይ ማቆም የሚችል ሰው ነበር። እኔ ግን የጀመርሁትን ከመካከሉ መተው አልወድም።

“ጥሩ፤ ልመት ከአፍ ይጀምራል ማለት ይህ ነው” አልሁ። “አሁን ይዋጡትና ወደ ጨጓራ እንለፍ።”

አልዋጡም። መንጋጋቸውም ቆመ። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ጉንጫቸውን እንደ ሞሉ፣ ጣሪያውን እያዩ ቆሙ። እኔ ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው ስል እመት ጥሩነሽ ከተቀመጡበት ተናገሩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው የመታዘብ አልነበረም።

“መምህርት፣ ጥርሱንም አየን፣ ምራቁንም አወቅን። ለዛሬ አፍ ይበቃናል።”

አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም በኋላ የገባኝ እኔ ነበርሁ። የቁርሱ ነገር፣ ውሃው፣ የደረቀው ከንፈር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ፊቴም ከሐሞቱ ጋር አንድ መልክ ያዘ። ወደ ውጭ በእጄ አመለከትኋቸው። ፈጥነው ወጡ። ከአዳራሹ ጀርባ የመትፋትና የመጉመጥመጥ ድምፅ ተሰማ፤ ጉመጥመጣውም ረጅም ነበር።

እስኪመለሱ ድረስ ክፍሉ በሹክሹክታ ክርክር ገጠመ። ያልተዋጠ ነገር ጾም አይሽርም የሚለው ወገን በዛ። አቶ ደምሌ ግን ጣፋጩ በምራቅ ሾልኮ ወርዶ እንደ ሆነስ ብለው ሙግት ያዙ፤ መምህርት ራሷ ልመት ከአፍ ይጀምራል ብላለች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማርሁትን ሰው በክርክር ላይ ሲያውለው ሰማሁ። ደስታዬን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ተቆጣጣሪው ጢማቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። ክርክሩ ቆመ። ከሰሌዳው ፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ትምህርቱ በተግባር የተደገፈ ነው፤ እኔው ምስክር ነኝ” አሉ። “ቅጥሯን አጽድቄዋለሁ። የተሠራው ግን አፍ ብቻ ነው። ከጉሮሮ በታች ያለውን መጥቼ ማየት ይኖርብኛል።”

አለባቸው፣ ሊቀመንበር ነውና፣ ሰውም ለመሰብሰብ፣ በሬም ለመፈለግ እንዲያመች መቼ እንደሚመጡ ጠየቀ።

ተቆጣጣሪው የአንገታቸውን ቁልፍ አስተካከሉ።

“ከፋሲካ በኋላ” አሉ።

ማንም አልሳቀም። አለባቸው እንኳ ጫማውን አላሰረም። አያ ታፈረ ቀድመው አጨበጨቡ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ይህኛው ጭብጨባ ጉልበት አልተቆጠበበትም።

በቅሏቸው ላይ ሊወጡ ሲሉ ጠጋ አልሁና ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርሁ። እንዳልሰሙኝ ሆኑ። ይልቅስ ከዚያ ቆሎ የተረፈ እንዳለ በዝግታ ጠየቁኝ። ለሙከራው ጥሩ ገብስ ስለሆነ፣ ለሌላ ማኅበር መምህራንም ቢያሳዩት ይጠቅማል አሉ። ከነጠላዬ ፈትቼ ሰጠኋቸው። በመሐረብ ቋጥረው ያዙት፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ገና ስድስት እንኳ አልሞላም ነበር። መሐረቡን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ቁልፉን ቆለፉበት።